የፍራሽ ሰሪው ቁም ሳጥን

ጋሽ መሃሉን ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ድረስ የጥጡ ጆንያ ውስጥ ሰድደው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣቶቻቸው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ አንድ ነገር ጨመቅ አድርገው ይለቁና ደግሞ ይቀጥላሉ። ጥጥ ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ በአንዱ እግሩ፣ አንዴ በሌላው ያርፋል።

«ምን ያህል ይዳብሱታል ጋሼ? ጥጥ እኮ ነው፤ ላም የሚያዋልዱ አስመሰሉት።»

«ላይ ላዩማ ሁሌም ጥጥ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እስቲ መሃሉን።»

ክንዳቸው ሲወጣ መዳፋቸው ላይ እርጥብ፣ ወደ ቢጫነት ያደላ፣ ፍሬው ያልወጣለት ጭብጥ ጥጥ ነበር። ነጋዴው እሱም ተታልሎ እንደሆነ ማለ። እሳቸው አልተከራከሩትም። ጭብጡን ጆንያው አናት ላይ አስቀመጡለትና በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙት።

ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው። «እስቲ መሃሉን» የምትለዋ ንግግር ከአፋቸው ስለማትለይ ሰፈሩ ስም አደረጋት፤ እሳቸውም ለመዷት። እኔ በዚያች የፍራሽ መሥሪያ ክፍል የፍራሽ ልባስ እየሰፋሁ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ቆይቻለሁ። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት። ከመስኮቱ ሥር የእኔ የስፌት መኪና፣ መሃል ላይ ፍራሽ የሚሞላበት ሰፊ የጣውላ መደብ፣ ጥግ ላይ ጥጥ። በስተኋላ ያለው በር ወደ መኖሪያ ቤታቸው ያስገባል። በዚያ በር አጠገብ አንድ ቁም ሳጥን አለ፤ ሰማያዊ ቀለሙ እጀታው አካባቢ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የማወራው ስለዚህ ቁም ሳጥን ነው።

በእኛ ሥራ የማይጠራጠር ሰው አይበረክትም። ጥጥ ሻጭ ክብደት እንዲያነሳለት መሃሉን ያረጥባል። ጨርቅ ሻጭ ደህናውን ከላይ ጠቅልሎ የደበዘዘውን ከውስጥ ይደብቃል። ስለዚህ ጋሽ መሃሉን ጥጡን ከአንዱ፣ ጨርቁን ከሌላው፣ ክሩን ደግሞ ከሦስተኛው ይገዛሉ። አንዱ ዘንድ የሌላውን ስም አያነሱም። «ሌላ ቦታ ይገዛሉ ወይ?» ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «የለም።» ይህን ሕግ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቴ ነው ያስተማሩኝ።

«እታለም» አሉኝ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፤ «ነጋዴ ያንቺን መሃል ካወቀ አለቀልሽ።»

ሳንባቸውን የጎዳው ሥራው ነው፤ ሲጋራም አግዞታል። በወጣትነታቸው ጥጡን በደጋን እየነደፉ፣ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ እስኪነጣ ሲውሉ፣ ከንፈራቸው ላይ ሲጋራ አትጠፋም ነበር። ሲጋራውን ትተዋል። ጥጡም አሁን በመኪና ተነድፎ ነው የሚመጣው፤ ሲሞሉም አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ያስራሉ። ግን ሐኪም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው ብሏቸው ሁለት የሚማግ መድኃኒት አዞላቸዋል። አንዱን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብቻ የሚማጉት ነው፤ እሱን ፓፍ እንለዋለን። አራት ዓመት እንዲህ ደህና ኖሩ። ሲደክማቸው ያርፋሉ፤ በቀን አንድ ፍራሽ ይዘጋሉ፣ ሲበረቱ አንድ ተኩል።

ነገሩ የተበላሸው ዓይናቸው ሲደክም ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ከድልድዩ ማዶ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ሄዱ። የዓይን ግፊት ነው ተባሉና ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ተሰጣቸው። ሲመለሱ ኮታቸውን ምስማር ላይ እየሰቀሉ ሳቅ አሉ።

«ሐኪሙ ሌላ በሽታ አለብዎት ወይ፣ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ እያለ ሲያወጣጣኝ ዋለ።»

«ምን አሉት?»

«የለም አልኩት። ምን አገባው? እሱ ዓይን ይይ።»

ጠብታውንም የሳንባ መድኃኒታቸውን ከሚገዙበት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፋርማሲ አልገዙትም፤ እዚያው ማዶ ገዙት። እኔማ ምን ብዬ እናገራለሁ፤ ተምሬ የጨረስኩት አራተኛ ክፍልን ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ጥጡ ነበር። ከአዲሱ ነጋዴ የመጣውን ሁለት ጆንያ አወጡና ደጅ ላይ ፀሐይ አስመቱት። ፉጨቱ አልቀነሰም። ቀጥሎ ፓፉ ተጠረጠረ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ይንጡታል፣ በመዳፋቸው ይመዝኑታል። ጥጥ በእጅ መዝነው መቶ ግራም የማይስቱ ሰው ናቸው።

«ይሄ ነገር ቀሏል» አሉኝ። «ያቺ ሴትዮ ውሃ ሞልታ ነው የሸጠችልኝ።»

«የታሸገ ነው እኮ ጋሼ።»

«ጆንያም የተሰፋ ነው።»

ልባስ የማደርስበት ቤት በዚያ በኩል ስለነበረ ፋርማሲው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከባንኮኒው ኋላ በደረቅ ወንበር ላይ የምትውል ሴት ናት። ከፊታችን ሦስት ሰው ነበር። ጋሽ መሃሉን ተራ አልጠበቁም።

«ክፈችና መሃሉን አሳዪኝ!» ብለው ፓፉን ባንኮኒው ላይ አቆሙት።

እሷ አልተቆጣችም። ፓፉን አንስታ ቀኑን አየች፣ ነቀነቀችው፣ ወደ ላይ አንዴ ነፋችው። ነጭ ጉም ወጣ።

«አባቴ፣ ይሠራል። እስቲ ሲወስዱት ልይዎት።»

«አየር ነው የነፋሽው!»

«ሌላ የጀመሩት መድኃኒት አለ? የሚዋጥ፣ የሚቀባ፣ የሚማግ... ማንኛውም ነገር?»

«የለም።»

ይህን ሲሉ ጠብታዋ የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ነበረች። እኔ አውቃለሁ፤ ያቺን ኪስ የሰፋኋት እኔ ነኝ።

«እንግዲያው ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገው ያምጡልኝ። አብረን እናየዋለን።»

«አዎ፣ ሁሉን ላሳይሽና ሁሉን ቀይጠሽ ልትሸጭልኝ! ሌባ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ሴትየዋ መነጽሯን ከዓይኗ አወረደች፤ ፊቷ ቀላ። እኔ ልባሱን ደረቴ ላይ አቅፌ መሬት መሬቱን እያየሁ ወጣሁ።

ከፋርማሲስቷ ቀጥሎ ተራው የምራታቸው ሆነ። ልጃቸው ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ወር ሁለት ወር መንገድ ላይ ይከርማል። ምራታቸው እዚያው ቤት ትኖራለች። ምግባቸውን የምታቀርበው፣ ልብሳቸውን የምታጥበው፣ ጠዋት መድኃኒቱን ከውሃ ጋር የምታስቀምጥላቸው እሷ ነበረች። ፈጣን ናት፤ አፏም እንደ እጇ ይፈጥናል። አንድ ጊዜ «ይህ ክፍል ሱቅ ቢሆን ያምርበት ነበር» ብላ ነበር። ይህቺን ነገር ጋሽ መሃሉን አልረሷትም።

«ወለሉን በበረኪና የምታጥበው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለንጽሕና ነዋ።»

«ለኔ ሳንባ ነው። ሻዩስ ቢሆን? ከጠጣሁ በኋላ አይደል የሚያፍነኝ?»

እውነት ነበር፤ ሁልጊዜ ከጠዋት ሻያቸው በኋላ ነበር የሚያፍናቸው። ከሻዩ ቀጥሎ ግን አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ጠብታውን ዓይናቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ያንን ማናችንም አልቆጠርነውም። ጠብታ ምን መድኃኒት ነው! ለእኛ መድኃኒት የሚዋጥ ነው፣ ቢበዛ የሚማግ።

ከኪሳቸው ከማይለዩት ከፓፉና ከጠብታዋ በቀር መድኃኒቶቻቸውን ሁሉ ሰማያዊው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉና ቁልፉን በፍራሽ ክር አንገታቸው ላይ አሰሩት። በረኪና አስቀሩ። በመጨረሻም የምራታቸውን እጅ መቅመስ ተዉ፤ ከዳቦ ቤት ዳቦ እየገዙ፣ ውሃ ራሳቸው እየቀዱ ይበሉ ጀመር።

«አባባ፣ ምን አደረግኩዎት?» አለቻቸው በሩ ላይ ቆማ፣ ሳህኑን በእጇ እንደያዘች።

«ምንም። ጠገብኩ።»

«ከትናንት ጀምሮ? እንደ ግመል ሆኑብኝ እኮ!»

አልሳቁም። ሳህኑን ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ሰውየውን ጨርሶ ያሳሳታቸው። የእጇን ትተው በማግሥቱ ደረታቸው ቀለል አለ። በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ጠፋ። እኔ የተሠራውን ፍራሽ ሁሉ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ጭረት እያደረግኩ የመቁጠር ልማድ አለኝ፤ በእነዚያ አራት ቀናት ስድስት ጭረት ጫርኩ። ጋሽ መሃሉን መርፌውን እየሳቡ ያንጎራጉሩ ነበር።

«አየሽ? የእጇን ሳልቀምስ ስሰነብት ተነፈስኩ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

ቅዳሜ ዕለት ምራታቸውን ጠርተው ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። አንድ ሳምንት ሰጧት። ልጃቸው ሲመለስ የፈለገው ይምጣ አሉ። እሷ አልጮኸችም፣ አልሰደበችም። ገብታ ልብሷን ስታጥፍ በጀርባው በር ክፍተት አየኋት። አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

ሰኞ ጠዋት ያለቀ ፍራሽ መደቡ ላይ ነበር። ጋሽ መሃሉን ከመሸጡ በፊት እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ መሃሉ ላይ ቆሙ።

«ፍሬ አለበት። ጠጣር ነገር።»

ስፌቱን ተርትረው ክንዳቸውን ሰደዱ። ያወጡት ፍሬ አልነበረም፤ ጠብታዋ ነበረች። ያለፈው ማክሰኞ ሲሞሉ ከኪሳቸው ወድቃ ኖሯል። እሳቸውም ለካ ሲፈልጓት ሰንብተው ዝም ብለው ነው፤ ምራታቸው ሰረቀችብኝ ብለው።

ያን ጊዜ እጄ መኪናው ላይ ቆመ። ግድግዳውን አየሁ። የእጇን የተዉት ማክሰኞ ነው። ጠብታዋም የጠፋችው ማክሰኞ ነው። ስድስቱ ጭረቶች እዚያው ናቸው።

«ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ነገር ዛሬ ይተዉዋት።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። እሷ በጠፋችበት ጊዜ ነው... ደህና የሆኑት።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም፤ ጥጥ ነጋዴውን የሚያዩበት አስተያየት ነበር።

«አንቺንም ያዘችሽ?» አሉ። «ለሷ ነው የምትሟገቺው? ዓይንን ከሳንባ ምን አገናኘው?»

አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ላለፉት ቀናት ማካካሻ ብለው በየዓይናቸው ሌላ ጠብታ ጨመሩ። እኔ መኪናዬን ረገጥኩ። እንባዬ ልባሱ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ አልኩ።

አንድ ልባስ ሰፍቼ ሳልጨርስ ፉጨቱ መጣ። በዚያን ጠዋት ሻይ አልጠጡም። በረኪና አልነበረም። ዳቦው ከዳቦ ቤት ነበር። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተነሳ፣ ከንፈራቸው ወይን ጠጅ መሰለ፤ መደቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ደፋ አሉ። ፓፉን ከኪሳቸው አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ማጉት፤ ደግመው ማጉት። ምንም።

ጮህኩ። እኔ ጮኼ አላውቅም። ምራታቸው በጀርባው በር ሮጣ ገባች።

«ክሊኒክ! አሁኑኑ!» አለች። «መድኃኒቱን ሁሉ ይዘን እንሂድ፤ ምን እንደሚወስዱ ይጠይቁናል። አባባ፣ ቁልፉን!»

ጋሽ መሃሉን ቁልፉን በመዳፋቸው ጨበጡ። ትንፋሽ የላቸውም፤ ግን ጭብጣቸው አልላላም። ዓይናቸው ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ይመላለሳል።

እሷ ፊታቸው ተንበረከከች። «አባባ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ እምልልዎታለሁ። መጥፎ ነኝ ይበሉኝ። ግን ዛሬ ይክፈቱልኝ።»

እኔ የጨርቅ መቀሴን አንስቼ አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ቆረጥኩት። ጭብጣቸውን የከፈቱት ግን ራሳቸው ናቸው። ይህን አይቻለሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጭንብል አድርገውላቸው መድኃኒቱን በጉም መልክ ሲሰጧቸው ቀስ በቀስ ከንፈራቸው ወደ መልኩ ተመለሰ። ወጣቱ ሐኪም ምራታቸው ያመጣችውን ከረጢት አልጋው ላይ ገለበጠው። የሚማጉት ሁለቱ፣ የሳል ሽሮፕ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ክኒን፣ ጠብታዋ። ጠብታዋን ሲያነሳ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ማን አዘዘልዎት?»

«የዓይን ሐኪም» አሉ ጭንብሉን ከፍ አድርገው።

«ሳንባዎን ነግረውታል?»

ጭንብሉን መልሰው አደረጉት። ከዚያ «ጠይቆኝ ነበር» አሉ በቀስታ። «የለም አልኩት።»

«ዓይን ላይ የተደረገ ነገር እዚያው አይቀርም፤ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ይሄኛው ዓይነት ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧውን ያጠብባል። ፓፉ ሊከፍት ይታገላል፣ ይሄ ይዘጋል። ሁለቱን ሲያታግሉ ነው የከረሙት።» ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለውን ፈታ። «ይህስ?»

«ፓፉ እጄን ሲያንቀጠቅጠኝ ጎረቤቴ የሰጠኝ ነው። ለመንቀጥቀጥ ጥሩ ነው አለኝ። ገና አልጀመርኩትም።»

«እንኳንም አልጀመሩት! የጠብታው ወንድም ነው፤ ያውም የሚዋጥ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም እጥላለሁ።»

«የጎረቤትዎን ክኒን ይመልሱለት። ጠብታውን ግን ዝም ብለው ትተው እንዳይቀመጡ፤ ግፊቱ ዓይንዎን ያጠፋዋል። አሁኑኑ ለዓይን ሐኪምዎ እደውላለሁ፤ ለሳንባዎ በሚስማማ ይቀይርልዎታል።»

ደወለ። ጋሽ መሃሉን ሁለቱ ሐኪሞች ስለ እሳቸው ሲያወሩ ጆሯቸውን አቁመው ሰሙ። ሁለት ጥጥ ነጋዴዎች ሲመካከሩ ያዩ ያህል ተጨንቀው ነበር።

ምራታቸው ቅዳሜ አልሄደችም። ሂጂም ያላት የለም፣ ቅሪም ያላት የለም። ጋሽ መሃሉን ቁልፉን ሻይ ከምታቀርብበት ሳህን ላይ አስቀመጡትና ወደ ጥጡ ዞሩ። እሷም ቁልፉን አንስታ «ሻዩን ግን መጀመሪያ እኔ ልቅመስልዎት?» አለቻቸው። ያን ጊዜ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ።

ለእያንዳንዱ ፍራሽ ውስጡ ያለውን የምጽፍበት ነጭ ጨርቅ አለኝ። በማይለቅ ቀለም አንዱ ላይ የመድኃኒቶቻቸውን ስም ሁሉ ከየሳጥኑ ላይ እያየሁ ጻፍኩላቸው፦ የሳንባው፣ የአዲሱ ጠብታ፣ ሽሮፑ ሳይቀር። ከላይ «ሳንባዬ ሕመምተኛ ነው» አልኩበት። በኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ይዘውት ይሄዳሉ። የራስ ምታት ክኒን ሲገዙ እንኳ መጀመሪያ ጨርቁን ይዘረጋሉ። መጠርጠሩን አልተዉም፤ አዲሱን ጠብታ ሳምንት ሙሉ በብርሃን እያዩ፣ ከእያንዳንዷ ጠብታ በኋላ ደረታቸውን ያዳምጡ ነበር። ይህንን ግን ማንም አልከለከላቸውም።

መድኃኒታቸውን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፋርማሲ የምታመጣላቸው ምራታቸው ናት፤ እሳቸው በዚያ መንገድ ማለፍ ትተዋል። አንድ ቀን ግን ከንጹሑ ጥጥ መርጠው፣ ከእኔ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ለምነው፣ ለወንበር የሚሆን መቀመጫ ሠሩ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ከባንኮኒው ኋላ ያለችውን ደረቅ ወንበር እኔም አይቻታለሁ።

መቀመጫው በፌስታል ሆኖ ከኮታቸው ጎን ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ዝናብ ሆነ። አንድ ቀን «ዛሬ ሰው ይበዛባታል» አሉ። ሌላ ቀን «ውስጡ ምን አለ ብላ ብትተረትረውስ?» ብለው ተጨነቁ። ትናንት ይዘውት ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ እስከ ጫማ ጠጋኙ ድረስ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ፌስታሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ተመለሱ።

«ጥጉ ተተርትሯል» አሉኝ መልሰው እየሰቀሉት። «ጠንከር አድርጌ ልስፋው፤ ከዚያ እወስደዋለሁ።»

ሲወጡ አውርጄ አየሁት። አራቱም ጥግ ደህና ነበር።